ውሃ የሌለው ሞተር አይፈላም፤ ግን ይቃጠላል

(ትምህርት፦ በአሮጌ ቮልስ ኮምቢ ላይ የሞተር መቆጣጠሪያ ጌጅ ስለ መግጠም)



ርዕሱን አይታችሁ «የቤት ሠራተኛ ስለ ሞተር ምን አገባት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የመጣሁ እንደ እናንተው ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ደመወዛችንን ወደ አገር ልከን በወንድም፣ በአባት ወይም በባል እጅ መኪና ያስያዝን? ባጃጅ ያላት አለች፣ ሚኒባስ የጀመረች አለች፣ እንደ እኔ የድሮ ቮልስ ያላትም አለች። እንግዲያው ላባችን ያለው እዚያ ሞተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ያገባናል። በትዕግሥት አንብቡልኝ፤ ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ወረቀቱን አትጣሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት መኪናውን ለያዘው ሰው ላኩለት።

1ኛ/ በእኛ ቤት የደረሰው

አባቴ ሲያርፍ የተወልን አንድ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ባለ 1600 ሞተር ቮልስዋገን ኮምቢ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ ወንድሜ በሥራ ቀን የተማሪ ሰርቪስ ይሠራል፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ደግሞ ቅዳሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ይመለሳል። እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚበሉት ከዚህችው መኪና ነው። ጎማና ባትሪ ሲያልቅ የምልከው እኔ ነኝ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መውረዱ ቀላል ነው። ጭነት ይዞ ያንን ሁሉ መልሶ መውጣት ነው ጣጣው።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሞልቶ ጭኖ ሲመለስ ደብረ ሲና ሳይደርስ ሞተሩ «ቋ!» ብሎ ቆመ። ቀይ መብራት አልበራም። ጭስም አልታየም። ጋራዥ ሲፈታ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ ተሰብሮ ፒስተኑን በስቶታል፤ ቴስታታውም ተሰንጥቋል። ሞተሩን ለማሠራት የከፈልኩት የአሥራ አንድ ወር ደመወዜን ነው። አሥራ አንድ ወር! ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት ስልኮች ሁሉ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ስለው «ደህና ናት» ነበር መልሱ። አልዋሸኝም፤ እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

መካኒኩም ቢሆን ለወንድሜ የነገረው «ቮልስ እኮ ውሃ የለውም፣ አይፈላም፤ እንግዲህ ዕድል ነው» ብሎ ነው። ዕድል አለመሆኑን የተማርኩት እዚህ አል ፈላሕ ነው።

2ኛ/ ይህ ሞተር ለምን ዝም ብሎ ይቃጠላል?

አብዛኛው መኪና ራዲያተር አለው። ሲሞቅበት ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ሾፌሩ በግድ ይቆማል። የድሮ ቮልስና ኮምቢ ግን በነፋስ ነው የሚቀዘቅዙት። ቺንጊያው ዲናሞውን ያዞራል፤ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ቬንትሌተር ደግሞ ነፋሱን በላሜራ ሽፋን ውስጥ አድርጎ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ላይ ይነፋል። የቀረውን ሙቀት የሚሸከመው ዘይት ነው። ዘይቱ ደግሞ ብዙ አይደለም፤ በዚህ ሞተር ውስጥ የሚገባው 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሲበላሽ የሚፈላ ነገር የለም። ብረቱ ዝም ብሎ ይግላል። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ነው፤ ሾፌሩ ከፊት ጎማ በላይ ተቀምጦ ሽታውንም ድምፁንም በጊዜ አያገኘውም። እናቴ ምጣዱ ሲግልባት ቁጥር አያስፈልጋትም፤ ፊቱ ቆማ ስለምትጋግር ሙቀቱ ይነግራታል። የማዳም ኦቨን ግን ዝግ ስለሆነ ቁጥር ተጽፎበታል። የኮምቢ ሞተር ቁጥር የሌለው ዝግ ኦቨን ማለት ነው።

በከፍታ ቦታ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቬንትሌተሩ የሚነፋው ነፋስ ያንኑ ያህል ሙቀት አያነሳም። ሁለተኛ፣ በደጋ ያለ መካኒክ ካርቡራተሩን ለስስ አየር እንዲስማማ ነዳጁን ቀንሶ አስተካክሎት ከሆነ፣ መኪናዋ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ነዳጁ ያንሳል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሞልቶ ጭኖ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል።

3ኛ/ መብራትና ጌጅ አንድ አይደሉም

ኮምቢው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ሁለት መብራት ነው፤ የዘይትና የዲናሞ። የዘይቱ መብራት የሚበራው ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ በማይሞላበት ጊዜ ነው። ያ ማለት ዘይቱ ከሳሳ፣ ብረት ከብረት መፋተግ ከጀመረ በኋላ ነው። የቴስታታውን ሙቀት ደግሞ የሚናገር መብራት ጭራሽ የለም። ለዚህ ነው ወንድሜ ምንም ሳያይ ሞተሩ ያለቀው።

መብራት የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ደህና» እና «አለቀ»። ጌጅ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳያል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው የሚሆነው።

4ኛ/ አራቱ ጌጆችና ቁጥራቸው

ሀ/ የቴስታታ ሙቀት። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ፈጥኖ የሚናገረውም እሱ ነው። ከካንዴላው ሥር ሲለካ ከ150 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደህና ነው። 200 ሲያልፍ ሾፌሩ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ወደ 220 ከተጠጋ መቆም ነው።

ለ/ የዘይት ሙቀት። ይህ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚወርደው። ከ80 እስከ 105 ደህና፤ ከ105 በላይ ቀስ ማለት፤ 120 ከደረሰ መቆም።

ሐ/ የዘይት ግፊት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ መኖር አለበት ይላሉ። በ3,000 ዙር 2 ባር ገደማ ማለት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ለ እና ሐ አብረው ነው የሚነበቡት።

መ/ ቮልት። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። በዚህ ሞተር ዲናሞውንና ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ቮልቱ በድንገት ከወረደ ወይም የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪ አይሞላም» ብቻ አይደለም ትርጉሙ፤ ነፋሱም ቆሞ ሊሆን ይችላል። «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ወዲያው ነው የሚጠፋው። (ባለ 1700፣ 1800 እና 2000 ሞተር ኮምቢዎች ላይ ቬንትሌተሩ ያለ ቺንጊያ ስለሚዞር ይህ አይሠራም።)

አራቱንም መግዛት ያልቻለች ከሀ ትጀምር። ቀጥሎ ለ።

5ኛ/ አል ፈላሕ ላይ እንዴት ሲገጠም እንዳየሁ

የቤቱ ትልቅ ልጅ አሮጌ ዕቃ ይወዳል፤ አንድ ኮምቢ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቆመ። ሳየው እንባዬ መጣ፤ ከቀለሙ በስተቀር የአባቴ መኪና ቁጭ! የቤቱ ሾፌር ኬረላ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ ሙሰፋህ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። በሐምሌ አንድ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ጌጅ ሊገጥሙ ተቀመጡ። ማዳም «ሻይ አድርሺላቸው» አለችኝ። አደረስኩና የእጅ ባትሪ ያዥ አጥተው ሲቸገሩ ስላየሁ አስፈቅጄ ቀረሁ። በሦስት ማታ አለቀ። ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን በተራ ልጻፍላችሁ።

— ከመግዛት በፊት። መኪናው ስንት ቮልት እንደሆነ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት ከነበሩት ኮምቢዎች ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ጌጅ እዚያ ላይ አይሆንም። ጌጁና መካኒኮች ቡልቦ የሚሉት ከሞተሩ ላይ የሚታሰረው ለኪ ደግሞ አንድ ላይ የተሠሩ ይሁኑ። የአንዱን ጌጅ ከሌላው ቡልቦ ጋር ያጋቡ እንደሆነ መርፌው ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ውሸታም ጌጅ ከሌለ ጌጅ ይብሳል።

— ከመጀመር በፊት። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ። የባትሪው ማሳ ይፈታ።

— የቴስታታው ጌጅ። ቀለበት የመሰለ ነገር አለው፤ ከ3ኛው ሲሊንደር ካንዴላ ሥር ይገባል። 3ኛው በሾፌሩ በኩል ወደ ፊት፣ ወደ ካምቢዮው የተጠጋው ነው። ለምን 3ኛው? በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በነፋሱ መንገድ ላይ ቆሞ የ3ኛውን ድርሻ ይወስድበት ነበር። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ዞር አድርጎታል፤ ሆኖም መካኒኮች ዛሬም መጀመሪያ የሚለኩት እሱን ነው። የእኛም የተበሳው ያው 3ኛው ነው።

ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው በብሩሽ ይጠረግ፤ አሸዋ ወደ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ከተፈታ ጥርሱ ይበላል። ሲመለስ በእጅ ተጀምሮ ነው በቁልፍ የሚጠብቀው። የካንዴላው ሮንዴላ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለውን ከጌጁ ጋር የመጣው ወረቀት ይናገራል፤ ወረቀቱ አይጣል።

የዚህ ጌጅ ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም። ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ኮረንቲ የሚለውጠው ራሱ የብረቶቹ መጋጠም ነው። ስለዚህ «ረዘመ» ተብሎ አይቆረጥም፣ «አጠረ» ተብሎም በሌላ ሽቦ አይቀጠልም። የተረፈው ተጠቅልሎ ይታሰራል። ሽቦው በላሜራው በኩል ሲወጣ ደግሞ ቀዳዳው በጎማ ይደፈን። ነፋስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትተን ሙቀት ብንለካ ምን ዋጋ አለው?

— የዘይት ግፊት። የመብራቱ ቡልቦ ባለበት ቦታ ባለ ሦስት አፍ «ቲ» ይገባል፤ በአንዱ አፍ የድሮው የመብራት ቡልቦ ይመለሳል፣ በሌላው የጌጁ ይታሰራል። መብራቱ አይወገድም፤ ሁለት ምስክር ከአንድ ይሻላል። እዚህ ላይ ሾፌሩ ሁለት ነገር አስጠንቅቀዋል። የጌጁ ቡልቦ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ «ቲ»ውን ሊሰብረውና ዘይቱን በሙሉ መንገድ ላይ ሊያፈሰው ይችላል። ስለዚህ በዘይት ጎማ ተቀጥሎ ከአካሉ ጋር በደንብ ይታሰር፤ እንዲህ ሲሆን ለማሳው የራሱ ሽቦ ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ለስላሳ ብረት ነው። ወንድነት የሚታይበት ቦታ አይደለም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

— የዘይት ሙቀት። ቡልቦው ከሥር ባለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ቦታ ይገባል። ስለዚህ ዘይት በሚቀየርበት ቀን ቢሠራ አንድ ድካም ነው። ወደ ታች ብዙ የተንጠለጠለ ከሆነ የእኛ አገር ድንጋይ ያገኘዋል። ለገጠር መንገድ በዘይት መለኪያው ዘንግ ቦታ የሚገባው ዓይነት ይሻላል።

— ሽቦ መዘርጋት። ከሞተሩ እስከ መሪው አራት አምስት ሜትር ነው። ከማርሚታና ከሙቀት ቱቦ ይራቅ፤ ብረት በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ ይልበስ፤ በየስንዝሩ ይታሰር። ለጌጆቹ የሚሄደው ኮረንቲ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ሆኖ በትንሽ ፊውዝ በኩል ይለፍ። የእኔ ሥራ እዚህ ነበር፤ በየሽቦው ጫፍ ወረቀት ለጥፌ በእስክሪፕቶ ጻፍኩ። ሾፌሩ «የጋራዥ ልጆች ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ግማሹ ብልሽት ባልኖረ» አሉኝ። ደስ አለኝ።

— አቀማመጥ። ጌጆቹ ሾፌሩ አንገቱን ሳያዞር በሚያይበት ቦታ ይሁኑ። ከመጥበቃቸው በፊት ደግሞ ክቡ እየተሽከረከረ፣ ሞተሩ ደህና ሲሆን የሁሉም መርፌ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲያይ ይደረጋል። ያኔ ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም፤ አንዱ ካዘመመ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

— ፍተሻ። ባትሪው ይታሰር፣ ዘይቱ ይታይ፣ ሞተሩ በሚኒሞ አሥር ደቂቃ ይሥራ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ከሥር ካርቶን አንጥፎ ማየት ነው።

6ኛ/ መርፌው ሲናገር ምን ይደረጋል?

ክረምቱ ገብቶ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቤተሰቡ በዚያው ኮምቢ ወደ አል ዐይን ሄደ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ሜዳው ላይ የቴስታታው መርፌ 170 አካባቢ ነበር። ጀበል ሐፊት ከ1,200 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱን ስንጀምር 185 ሆነ፣ ቀጥሎ 200፣ ቀጥሎ 205። እኔ ከኋላ ሆኜ ልቤ ይመታል! ልጁ በሦስተኛ ማርሽ እየጎተተ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሾፌር «ሁለተኛ አስገባ» አሉት። አስገባ። ሞተሩ ጮኸ። እኔ «አሁን አለቀለት» ስል መርፌው ቀስ እያለ ወደ 190 ወረደ።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ የወንድሜ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዳገት በከፍተኛ ማርሽ እየጎተተ ነበር የሚወጣው። ሞተሩ ቀስ ሲል ቬንትሌተሩም ቀስ ይላል። ሸክሙ ትልቅ፣ ነፋሱ ትንሽ ይሆናል። ማርሽ ሲቀነስ ግን ሞተሩ ቢጮህም ነፋሱ ይበዛል፣ ለእያንዳንዱ ምት የሚደርሰው ሸክምም ይቀንሳል።

በአጭሩ፦
— ቴስታታው 200 ሲያልፍ፦ ማርሽ መቀነስ፣ ነዳጅ መቀነስ።
— ካልወረደ፦ ዳር ይዞ መቆም። ወዲያው አይጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ ነፋሱ ያብርደው። ከዚያ ይጥፋ።
— ቺንጊያው ከተበጠሰ፦ ነፋስ የለምና ወዲያው ማጥፋት።
— የዘይት ግፊት ከወደቀ፦ ወዲያው ማጥፋት።
— ውሃ በሞተሩ ላይ መድፋት ፈጽሞ የለም። የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

7ኛ/ ደብረ ብርሃን ላይ የሆነው

የቴስታታና የዘይት ሙቀት ጌጆችን ገዝቼ ወደ አገር በምትገባ እህት ሻንጣ ላክሁ። ሁለቱም ተደምረው ከአንድ ወር ደመወዜ ያንሳሉ። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ «ጋሼ፣ ግጠመው ብቻ» አልኩት። «እህቴ፣ ገንዘብሽን ለጌጥ ታወጪያለሽ?» አለኝ። ከአንድ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ጋር ሆነው ከላይ የጻፍኩትን በስልክ እያነበብኩላቸው ገጠሙት።

በሁለተኛው ቅዳሜ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት መጣ። «ኧረ ጉድ ነው! ባዶዬን እየወጣሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ 215 አሳየኝ። ቆሜያለሁ» ይላል። ሞተሩ ከታደሰ ገና አራት ወሩ ነበር! ጌጁ ባይኖር ኖሮ እንደገና አሥራ አንድ ወር።

ታዲያ ምን ተገኘ መሰላችሁ? በሞተሩ ዙሪያ ላሜራውና የመኪናው አካል በሚገናኙበት ቦታ መኖር ያለበት ወፍራም ጎማ የለም። ያ ጎማ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከሥር ካለው ትኩስ አየር የሚለይ ነው። ሞተሩ ሲወርድ ሲሰቀል ተቀዶ ተጥሎ ይሆናል፤ ማንም አላስተዋለውም። ቬንትሌተሩ ከሥር በማርሚታው የጋለውን አየር መልሶ እየሳበ ሞተሩ ላይ ሲነፋ ኖሯል። ከአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጎማ ተፈልጎ ተገዛ፤ በጣም ርካሽ ዕቃ ነው። ካርቡራተሩም ተስተካከለ። በቀጣዩ ጉዞ ሙሉ ጭኖ በያው ዳገት 190 አላለፈም።

ጌጁ ሞተሩን አልጠገነውም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ «ዕድል ነው» ይባል የነበረውን ነገር «ጎማ ነው» አሰኘ።

መኪናዋ አርጅታለች፣ ትቀየር የምትሉ አላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በማስገባት ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከልክሏል። እንደ እኛ ላለ ሰው ያለውን መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። ዕቃውም አልጠፋም። ጀርመን ይህን ዓይነቱን ኮምቢ ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1979 ቢሆንም ብራዚል በነፋስ የሚቀዘቅዘውን እስከ 2005 ድረስ ስትሠራ ቆይታለች።

8ኛ/ ለእኛ ለላኪዎቹ

ከዚህ በኋላ ከወንድሜ ጋር ስምምነት አለን። በሳምንት አንድ ቀን በደብተሩ ላይ የጻፈውን ፎቶ ያነሳልኛል፦ ቀን፣ ቦታ፣ ጭነት፣ የቴስታታ ሙቀት፣ የዘይት ሙቀት። ቁጥሩ በሜዳ ላይ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከጨመረ የቫልቮላ ክፍተት ይታያል (በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ነው)፣ የካንዴላ ሰዓት ይታያል፣ ዘይት ይቀየራል። የየአንዳንዱ መኪና ደህንነት ቁጥር ትንሽ ይለያያል፤ ዋናው የራስን መኪና ቁጥር ማወቅ ነው። «ደህና ናት» የሚለው ቃል በመካከላችን ቀርቷል። አልተቀያየምንም፤ እንዲያውም የምናወራው ነገር በዛ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ወንድሜ በቀደም ምን አለኝ፤ «እኔ ቁጥር እልክልሻለሁ፤ አንቺ ግን ስደውል ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትዪኝ። ስንት ሰዓት ነው የምትተኚው?» ዝም አልኩ። አራት ሰዓት ከግማሽ ነበር በዚያ ሰሞን፣ እንግዳ በዝቶ ስለነበር። ነገርኩት። ከነገርኩት በኋላ ማዳምንም ለመጠየቅ ድፍረት አገኘሁ፤ አሁን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት አርፋለሁ። እናንተም እስቲ ለምትቀርቧት እህት «ደህና ነኝ» በማለት ፈንታ ቁጥሩን ንገሯት።

ለመወያየት፦
1. ወደ አገር በላካችሁት ገንዘብ የተገዛ መኪና ወይም ዕቃ አለ? ደህንነቱን የምታውቁት በምንድን ነው?
2. የዲናሞ መብራት በኮምቢ ላይ ሲበራ ሾፌሩ ለምን ወዲያው መቆም አለበት?
3. ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ቢጮህም ሙቀቱ የሚወርደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ ያላችሁ በእረፍት ቀናችን ስንገናኝ ጠይቁኝ፤ የማላውቀውን ሾፌሩን ጠይቄ አመጣለሁ። ቸር ያገናኘን።

እህታችሁ፣ ከአል ፈላሕ